ተራራ መውጣት ለመጀመር፦ ሥልጠና፣ መካሪና የገመድ ጓድ

ተራራ መውጣት ያማረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዕቃ ግዢ ነው። ወፍራም ጃኬት፣ የበረዶ መጥረቢያና ክራምፖን (ከጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ጥርስ ብረት) ይገዛል፤ ከዚያ አብሮት የሚወጣ ሰው አጥቶ ዕቃው አቧራ ይጠጣል። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ እግርና ሳንባ ይዘጋጃል፣ ቀጥሎ ትምህርቱ፣ ከዚያ ሰዉ፤ ዕቃው የሚመጣው ከሁሉም ኋላ ነው። ከእነዚህ የሚከብደው ሰው ማግኘቱ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ብዙ የምንቆየውም እዚያው ላይ ነው።

ከፍታና ክብደት ይለያያሉ

የተራራው ከፍታ የመንገዱን ክብደት አይነግርዎትም። ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ነው፤ በተለመዱት መንገዶቹ ግን ገመድ ሳይነካ በእግር ይወጣል። እዚያ የሚፈትነው የአየሩ መሳሳት ነው። በስዊዘርላንድና በጣሊያን ድንበር ላይ የቆመው ማተርሆርን ደግሞ 4,478 ሜትር ብቻ ሆኖ፣ በቀላሉ መንገዱ እንኳ ለብዙ ሰዓት በእጅም በእግርም አለት መያዝ፣ በገመድ መታሰርና በዚያው ገደል ተመልሶ መውረድ ይጠይቃል። ስለዚህ «ስንት ሜትር ነው?» ከማለትዎ በፊት፣ መንገዱ በእግር ብቻ የሚኬድ ነው ወይስ እጅም ይፈልጋል? የበረዶ ግግር ያቋርጣል? የሚታደረው በስንት ሜትር ላይ ነው? ብለው ይጠይቁ። የሚያስፈልግዎት ሥልጠና የሚወሰነው በእነዚህ መልሶች ነው።

በአልፕስ ተራሮች የሚሠራበት የፈረንሳዮች የመንገድ ደረጃ ከ«ፋሲል» ተነሥቶ ፔ ዲፊሲል፣ አሴ ዲፊሲል፣ ዲፊሲል፣ ትሬ ዲፊሲል እያለ ይከብዳል። ፋሲል በፈረንሳይኛ «ቀላል» ማለት ነው። ቀላል የሚሆነው ግን በክራምፖን መራመድ ለለመደና ሲያዳልጠው በመጥረቢያው ራሱን ማቆም ለሚችል ሰው ነው። ይህን ያልተረዳ ጀማሪ ቃሉን እንደ ግብዣ ያነበዋል።

እግርና ሳንባ

ለመጀመሪያው ተራራ የሚበቃ አቅም በቁጥር ይህ ነው፦ 10 ኪሎ ተሸክሞ በአንድ ቀን 1,000 ሜትር ሽቅብ መውጣት፣ በዚያው ቀን መውረድ፣ በማግስቱም ደረጃ ሲወርዱ ጉልበት አለመንቀጥቀጡ። በሰዓት ከ300 እስከ 400 ሜትር ከፍታ መጨመር ከቻሉ ፍጥነቱ ይበቃል። ከዚያ በላይ መፍጠን ለጀማሪ ትርፍ የለውም፤ ላብ ያስወጣል፣ ላቡ ደግሞ ሲያርፉ ይበርዳል።

በሳምንት አራት ቀን ይለማመዱ። ሦስቱ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አራተኛው ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት የሚወስድ የአቀበት ጉዞ ይሁን። አብዛኛው ልምምድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ ሊሠሩት የሚችሉት ዓይነት መሆን አለበት። ጀማሪዎች በተደጋጋሚ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ በየቀኑ እስኪያለከልኩ ይሮጡና በአምስተኛው ሳምንት ጉልበታቸው ወይም ቋንጃቸው ይያዛል። ሸክሙን ከ5 ኪሎ ጀምረው በየሳምንቱ አንድ ኪሎ ብቻ ይጨምሩ። አቀበት በአቅራቢያ ከሌለ የሕንፃ ደረጃ ያገለግላል። ለሸክም ውኃ የተሞላ ጀሪካን ይጠቀሙ። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ስለሆነ መመጠን አይቸግርም፤ ጫፍ ሲደርሱም ውኃውን ደፍተው ባዶ ቦርሳ ይዘው ስለሚወርዱ ጉልበትዎ ይተርፋል።

መውረድ ግን ራሱን የቻለ ልምምድ ይፈልጋል። ቁልቁለት ላይ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ይይዛል፤ ያልለመደ ጡንቻ የሚጎዳው በዚህ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቆመው፣ ሌላውን ተረከዝ ሦስት ሰከንድ ወስደው ቀስ ብለው መሬት ያስነኩና ይመለሱ። በእያንዳንዱ እግር 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል።

ካርታ ማንበብም ከዚሁ ጊዜ ጋር ይማሩት። በ1892 ስኮትላንዳዊው ዊልያም ኔይስሚዝ ያወጣው ስሌት አሁንም ይሠራል፦ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። 12 ኪሎ ሜትር ርቀትና 900 ሜትር አቀበት ያለው መንገድ ያለ ዕረፍት አራት ሰዓት ገደማ ይወስዳል ማለት ነው። በየጉዞው ግምትዎን አስቀድመው ይጻፉ፤ ሲመለሱ ከእውነተኛው ሰዓት ጋር ያስተያዩት። ከስድስት ከሰባት ጉዞ በኋላ የራስዎን ልክ ያውቁታል፤ ያ ልክ በኋላ ለገመድ ጓድዎ ከሚነግሩት ነገር ሁሉ ይበልጥ ጠቃሚ ይሆናል።

ሥልጠና የት ይገኛል?

ገመድ የሚለመደው በቤት ውስጥ የመውጫ ግድግዳ ላይ ነው። በከተማዎ ግድግዳ ካለ ከሦስት እስከ አራት ወር በሳምንት ሁለት ቀን ይመላለሱ። ዓላማው ከባድ መንገድ መውጣት አይደለም። ሰው መያዝን፣ ማለትም የሚወጣው ጓድ ቢወድቅ በገመዱ ማቆምን፣ ለመማር ነው የሚሄዱት። ገመድ የያዘ ሰው አንድ እጁ ፍሬን በሚይዘው የገመድ በኩል ላይ ነው፤ ያቺን እጅ ለአንድ ሰከንድም አይለቃትም። ይህ ልማድ ሳያስቡት እስኪመጣ ድረስ ወደ ውጭ አለት አይሂዱ።

ከመሬት ከመነሣት በፊት ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ ይፈታተሻሉ። የወገብ ቀበቶው ዘለበት ታስሯል? ገመዱ በቀበቶው ትክክለኛ ቦታ ገብቷል? ቋጠሮው ተጠናቅቋል? የያዡ ካራቢነር (በር ያለው የብረት ማያያዣ ቀለበት) ተቆልፏል? ገመዱ በመያዣው ብረት ውስጥ በትክክለኛው አቅጣጫ ገብቷል? የገመዱ ጫፍ ተቋጥሯል? በዓይን ማየት አይበቃም፤ በእጅ ይነካል፣ ይጎተታል። ልምድ ባላቸው ሰዎች ላይ የሚደርሱት አደጋዎች ብዙዎቹ ከነዚህ ከአንዱ መዘለል የሚመጡ ናቸው፦ ወሬ ላይ ሆነው ቋጠሮውን በግማሽ መተው፣ ወይም ሰው ሲያወርዱ ገመዱ አልቆ ያልተቋጠረው ጫፍ በብረቱ ሾልኮ መውጣት።

አምስት ቋጠሮ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። ራስን ከገመድ ለማሰር ተመልሶ የተከተለ የስምንት ቋጠሮ፤ የሚተርፈው ጭራ ቢያንስ የገመዱን ውፍረት አሥር እጥፍ ይሁን፣ ማለትም ለ10 ሚሊ ሜትር ገመድ 10 ሴንቲ ሜትር። ከማሰሪያ (ገመዱ ከአለት ወይም ከበረዶ ጋር ከሚያያዝበት ቦታ) ላይ ራስን ለማያያዝ ክሎቭ ሂች፣ መያዣ ብረት ሲጠፋ ሰው ለመያዝ የሙንተር ቋጠሮ፣ ገመድ ላይ ለመንጠልጠልና ለመውጣት በ6 ሚሊ ሜትር ቀጭን ገመድ የሚሠራው ፕሩሲክ፣ ሁለት ገመድ አያይዞ ለመውረድ ደግሞ ጭራው ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ተራ ቋጠሮ። ሁሉንም ጓንት አድርገው፣ መብራት አጥፍተው ይለማመዱ። ተራራ ላይ የሚያስሩት በብርድና በጨለማ ነውና።

በረዶና ግግር ግን በግድግዳ አይለመድም። እዚህ የተደራጀ ኮርስ ይግቡ፤ የመሠረታዊው ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ስድስት ቀን ነው። የሚያሠለጥነውን ሰው ብቃት ለማወቅ በ1965 የተቋቋመው የዓለም አቀፉ የተራራ መሪዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን መታወቂያ ያለው መሆኑን ይጠይቁ። መታወቂያው በአለት፣ በበረዶና በበረዶ ሸርተቴ ዓመታት የፈጀ ሥልጠናና ፈተና አልፏል ማለት ነው። የሀገራት የተራራ ማኅበራት ደግሞ በ1932 በሻሞኒ በተመሠረተው በዓለም አቀፉ የተራራ መውጣት ማኅበራት ኅብረት በዩአይኤኤ ሥር ይሰባሰባሉ። በሚኖሩበት ሀገር የትኛው ማኅበር አባል እንደሆነ ካወቁ ኮርሱንም፣ ክበቡንም፣ በኋላ መካሪዎን የሚያገኙበት በር ያ ነው።

ኮርሱን ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። አንድ አሠልጣኝ ለስንት ሰው? ለልምምድ ከስድስት በላይ፣ በገመድ ለሚታለፍ ቁልቁለት ከሦስት በላይ ከሆነ ምክንያቱን ያስረዱዎት። ከስድስቱ ቀናት ስንቱ ልምምድ፣ ስንቱ ጫፍ መውጣት ነው? ጫፉ ላይ ለመድረስ ሦስት ቀን የሚያጠፋ ኮርስ ፎቶ ይሰጥዎታል፤ ትምህርቱ ግን ያንሳል። በእኛ ግምት ጥሩው አራት ቀን ልምምድ፣ አንድ ቀን ጫፍ፣ አንድ ቀን ደግሞ ለአየር መበላሸት የተተወ ነው።

ከኮርሱ ሲወጡ መቻል ያለብዎትን ከወዲሁ ይወቁት። የመጀመሪያው በመጥረቢያ ራስን ማቆም ነው። ልምምዱ ከታቹ ድንጋይና ገደል በሌለው ረጋ ባለ ተዳፋት ላይ፣ ሄልሜትና ጓንት አድርጎ፣ ክራምፖን ሳይደረግ ይሠራል፤ የክራምፖን ጥርስ በረዶውን ከነከሰ ሰውን ያገላብጣል፣ ቁርጭምጭሚትም ይሰብራል። የመጥረቢያው ራስ ከትከሻ ጎን፣ ዘንጉ ደረት ላይ ሰያፍ ሆኖ፣ የታችኛው እጅ ዘንጉን ከሹሉ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ደረት ይጫናል፣ ጉልበት ይከፈታል፣ እግር ከመሬት ይነሣል። አራቱንም አወዳደቅ ይሞክሩ፦ በሆድ እግር ወደ ታች፣ በጀርባ እግር ወደ ታች፣ በሆድ ራስ ወደ ታች፣ በጀርባ ራስ ወደ ታች። የመጨረሻው ሲያቅት ተስፋ አይቁረጡ፤ ለሁሉም የሚከብድ ነው። ዋናው ነገር ፍጥነት ሳይጨምር ማቆም ነው። በጠንካራ በረዶ ላይ ሁለት ሰከንድ ከዘገዩ መጥረቢያው ከእጅ ይነጠቃል። ስለዚህ ከማቆም ችሎታ ይልቅ ያለመውደቅ ርምጃ ይበልጣል፤ የክራምፖኑን ጥርሶች ሁሉ በረዶው ላይ እያሳረፉ መራመድን ለሰዓታት ይለማመዱ።

ሁለተኛው የበረዶ ግግር ላይ በገመድ መሄድና በግግሩ ውስጥ ካለ ጥልቅ ስንጥቅ ሰው ማውጣት ነው። ሦስት ሰው በገመድ ሲተሳሰር በመካከላቸው ከ10 እስከ 12 ሜትር ይተዋሉ፤ ሁለት ብቻ ከሆኑ ርቀቱ ከ15 ሜትር ያልፋል፣ ገመዱም በመካከል ቋጠሮዎች ይደረጉበታል፤ ቋጠሮዎቹ በስንጥቁ ከንፈር ላይ ነክሰው ውድቀቱን እንዲገቱ ነው። ገመዱ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ከላላ ጥቅሙ ይጠፋል፤ አንዱ ሲወድቅ የላላው ሁሉ ፍጥነት ይሆናል። የወደቀውን ለማውጣት የሚያገለግለው ሦስት ለአንድ መጎተቻ በወረቀት ላይ ኃይልን ሦስት እጥፍ ያደርጋል። ገመዱ በካራቢነር ሲፈተግ ግን የሚገኘው ወደ ሁለት እጥፍ ይወርዳል፤ ትናንሽ ተሽከርካሪ መጎተቻዎች የሚያዙት ለዚህ ነው። ይህን በስድስት ወር አንድ ጊዜ ካልደገሙት ይረሳል።

መካሪ

ኮርስ ክህሎትን ያስተምራል፤ ፍርድን ግን አያስተምርም። በረዶው ዛሬ ይታመናል ወይ? ደመናው እየተሰበሰበ ነው ወይስ እየተበተነ? አሁን እንመለስ? ይህ የሚለመደው ደጋግሞ ካየ ሰው ጋር አብሮ በመሄድ ነው። የተራራ ክበቦች የተፈጠሩትም ለዚሁ ነው፤ የመጀመሪያው የአልፓይን ክለብ በ1857 በለንደን፣ የስዊዘርላንድና የጣሊያን ክበቦች በ1863 ተመሠረቱ፤ ዛሬም የክበብ ዋና ሀብት ጀማሪን ይዞ የሚወጣ አባል መኖሩ ነው።

ወደ ክበብ ሲገቡ በመጀመሪያው ስብሰባ «ተራራ ውሰዱኝ» አይበሉ። ልምድ ያለው ሰው ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰምቶታል፤ የማያውቀውን ሰው ሕይወት እንዲሸከም የሚጠይቅ ስለሆነም በትሕትና ያልፈዋል። ከዚያ ይልቅ የክበቡን ቀላል ጉዞዎች ሦስት አራት ጊዜ ይሂዱ፤ በሰዓቱ ይድረሱ፣ ገመዱን ይሸከሙ፣ ድንኳን ሲተከል እጅዎን ያስገቡ። ከዚያ ጥያቄዎን አጥብበው ያቅርቡ፦ «በሚቀጥለው ወር ግማሽ ቀን ቢኖርህ ማሰሪያ መሥራት ልለማመድና አንተ ብታርመኝ።» ግማሽ ቀን ለሚፈጅ ግልጽ ጥያቄ እሺ ማለት ይቀላል፤ እሺታውም አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ ቀን በር ይከፍታል። አብራችሁ ስትሄዱ የመንገዱን ዕቅድ እርስዎ ሠርተው ይምጡ፣ እርሱ ያርመው። ከተሳሳተ ዕቅድ የሚማሩት ትክክለኛውን ተቀብሎ ከመከተል ይበልጣል።

ጥሩ መካሪ በምን ይታወቃል? ምክንያቱን ይናገራል። ውሳኔውን ከመንገሩ በፊት የእርስዎን ይጠይቃል። ከጫፍ በፊት የተመለሰባቸውን ቀናት ያለ እፍረት ይናገራል፤ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ ሲጠይቁት አንድም የማይመጣለት ሰው ወይ ጥቂት ወጥቷል፣ ወይ በዕድል ተርፏል። ስለ ራሱ ስሕተት የማያወራ፣ «እኔ አለሁ አትፍራ» የሚል፣ ሄልሜት የሚያወልቅ፣ ከአቅምዎ በላይ ያለ መንገድ «ይለመዳል» ብሎ የሚያስገባ መካሪ ከመጣ፣ ዕውቀቱ ምንም ቢሰፋ ይራቁት።

በእርስዎ በኩልም አንድ አደጋ አለ። ጀማሪ ከበላዩ ያለውን ሰው ስለሚያምን የታየውን ነገር ይውጠዋል። የመካሪው ቀበቶ ሳይታሰር ቢያዩ ይናገሩ። ማሰሪያው ካልገባዎት እስኪገባዎት ድረስ ክብደትዎን አይጣሉበት። ታላቅ ቢሆን፣ አስተማሪ ቢሆን፣ በዕድሜ አባት ቢሆን፣ ገመድ ላይ ይሉኝታ ቦታ የለውም፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩበት።

ክፍያ ተቀብሎ የሚመራ መሪና መካሪ ይለያያሉ። መሪው ያንን ቀን በደህና ለማዋል ይከፈለዋል፤ ውሳኔውም የእርሱ ነው። ሆኖም ለሁለት ቀን መሪ ቀጥረው «ወደ ጫፍ አንሂድ፣ የመንገድ መረጣና የማሰሪያ ሥራ አሳየን» ማለት ይቻላል። ክበብ በሌለበት ቦታ ያለው አማራጭ ይህ ነው፤ ሁለት ሦስት ጀማሪዎች ወጪውን ቢካፈሉት ይቀላል።

የሄዱበትን ሁሉ በደብተር ይመዝግቡ፦ ቀን፣ መንገድ፣ የተወጣው ከፍታ፣ የፈጀው ሰዓት፣ የአየሩ ሁኔታ፣ አብሮ የነበረው ሰው፣ ያልተሳካው ነገር። ለከፍተኛ ኮርስ ሲያመለክቱ የሚጠየቁት ይኸው ነው፤ አዲስ ጓድም በአሥር ደቂቃ ማንነትዎን ያይበታል።

የገመድ ጓድ

ጓድ የሚገኘው በኮርሱ ላይ አብረው ከተማሩ ሰዎች፣ ከግድግዳው፣ ከክበቡ ነው። ከኮርስ የሚገኘው ይመረጣል፤ አንድ ዓይነት ቋጠሮ፣ አንድ ዓይነት የጥሪ ቃል ተምራችኋልና። አዲስ ሰው ሲገናኙ በመጀመሪያ ሌላ ሰው ሲይዝ ይመልከቱት። ፍሬን ያለባትን እጅ ይለቃል? ስልኩን ያያል? ገመዱን ያላላል? እነዚህን ካዩ አይታሰሩለት።

ከዚያ የሙከራ ቀን ይሁን፤ ሁለታችሁም ከምትችሉት ሁለት ደረጃ የቀለለ መንገድ ይምረጡ። የሚፈትሹት ጉልበቱን አይደለም። ሲደክመው ምን ይሆናል? ሲርበው ይቆጣል? ቀድሞዎት ይሄድና ከዓይን ይጠፋል? ዕቅዱ ሲበላሽ ይነጋገራል ወይስ ዝም ይላል? ይህ ሁሉ በአንድ ቀላል ቀን ይታያል።

ከጉዞው በፊት በነበረው ምሽት ተቀምጣችሁ ልትወስኑት የሚገባ ነገር አለ። ለምን ነው የምንሄደው፣ ለጫፉ ወይስ ለልምምድ? አንዱ ጫፍ፣ ሌላው ልምምድ ፈልጎ ከሄደ ጠቡ የሚነሣው ከጫፉ አንድ ሰዓት ሲቀር ነው። መመለሻው ሰዓት ስንት ነው? ለምሳሌ «ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ የትም ብንሆን እንዞራለን» ተብሎ ይጻፋል፤ ተራራው ላይ ሆኖ የሚወሰን ሰዓት ሁልጊዜ ይገፋል። ማንም «እንመለስ» ካለ ያለ ክርክር ይዞራል፤ ምክንያቱ የሚጠየቀው ታች ከደረሱ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ዕርዳታ ማን ያውቃል? መድኃኒት የሚወስድ አለ?

ሁለታችሁም ጀማሪ ከሆናችሁ ክልሉን ጠባብ አድርጉት፦ ምልክት ያለው መንገድ፣ ቀደም ሲል ከመካሪ ጋር የሄዳችሁበት አለት፣ ከታቹ ገደል የሌለው በረዶ። ስንጥቅ ወዳለበት የበረዶ ግግር ሁለት ጀማሪ ብቻውን አይገባም። አንዱ ቢወድቅ ሌላው በአንድ እጁ ክብደቱን ይዞ በሌላው ማሰሪያ መሥራት አለበት፤ ይህ ላልተለማመደ ሰው አይሆንም። በግግር ላይ ሦስት ከሁለት ይሻላል። በሩቅ ስፍራ ደግሞ አራት ሰው ጥሩ ቁጥር ነው፤ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቀራል፣ ሁለቱ ለዕርዳታ አብረው ይሄዳሉ።

ከፍታና አየር

በ5,500 ሜትር የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ግማሽ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በየትንፋሹ የሚያገኙት ኦክስጅንም በግማሽ ይቀንሳል። ጠንካራ ጡንቻ ከዚህ አያድንም። ወጣትና ፈጣን ሰዎች ቶሎ ስለሚወጡ እንዲያውም ቀድመው ይታመማሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበትን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምሩ፤ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ሌሊት እዚያው ደግመው ይደሩ። ቀን ከፍ ብለው ወጥተው ዝቅ ብሎ ማደር ይፈቀዳል፤ የሚቆጠረው የመኝታው ከፍታ ነው።

ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከድካም ወይም ከማዞር ጋር ከመጣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ የከፍታ ሕመም ነው፤ በዚያ ቀን አይጨመርም። ሰውየው ተረከዙን ከአውራ ጣቱ እያገናኘ በቀጥታ መስመር መራመድ ካቃተው አንጎሉ እያበጠ ሊሆን ይችላል። ተቀምጦ ትንፋሽ ካጠረው፣ ካሳለውና ደረቱ ካንኮራፋ ውኃ ወደ ሳንባው እየገባ ነው። ሁለቱም በሰዓታት ሊገድሉ ይችላሉ። መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን ይወረዳል፣ ብቻውንም አይለቀቅም።

የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትር በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል፤ ንፋስ ሲጨመርበት ብርዱ ይብሳል። ጥጥ ከራሰ ቶሎ አይደርቅምና ሰውነት ላይ የሚያርፈው ልብስ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ይሁን። መብረቅ ሲታይ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ይቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ከሸንተረሩ ይውረዱ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላም አይመለሱ።

የበረዶ ናዳ በአብዛኛው የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። በ1 ለ25,000 ካርታ ላይ 100 ሜትር የከፍታ ልዩነት በ7 ሚሊ ሜትር ውስጥ ካረፈ ተዳፋቱ 30 ዲግሪ፣ በ4 ሚሊ ሜትር ካረፈ 45 ዲግሪ ነው። ማስመሪያ ይዘው መንገድዎን ቤት ሆነው ይለኩት። በክረምት በረዶ የሚሄድ እያንዳንዱ ሰው የመፈለጊያ ሬዲዮ፣ መውጊያ ዘንግና አካፋ ይይዛል። የተቀበረ ሰው የመትረፍ ዕድል ከ15 ደቂቃ በኋላ በፍጥነት ስለሚወርድ፣ የሚያወጡት ጓዶቹ ናቸው፤ ከሩቅ የሚመጣ ዕርዳታ አይደርስም።

ዕቃ

ከኮርሱ በፊት የሚገዛው ጫማ፣ ሄልሜትና የግንባር ባትሪ ብቻ ነው። ሌላውን ይከራዩ፤ ኮርሱ ሲያልቅ የሚስማማዎትን ያውቁታል። ጫማውን ከሰዓት በኋላ፣ እግር ካበጠ በኋላ፣ የሚያደርጉትን ወፍራም ካልሲ አድርገው ይለኩ፤ ቁልቁል ሲቆሙ ጣት ፊቱን መንካት የለበትም። ክራምፖን ከጫማው ጋር ካልተስማማ ችግር ነው፦ ሶሉ የሚተጣጠፍ ጫማ ላይ ለጠንካራ ሶል የተሠራ ክራምፖን ቢታሰር በመንገድ ይወልቃል ወይም መገናኛ ብረቱ ይሰበራል። ከሥሩ በረዶ እንዳይጠቀለልበት የሚከላከለው ጎማ መኖሩንም ያረጋግጡ።

ገመዱ የሚለጠጥ ዓይነት ይሁን፤ ጫፉ ላይ በክብ ውስጥ 1 ቁጥር ያለበት ለብቻው የሚያገለግል ገመድ ነው፣ ለጀማሪ ከ9.5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይስማማል። የማይለጠጥ ገመድ ላይ መውደቅ አከርካሪ ይጎዳል፣ ማሰሪያም ይነቅላል። ካራቢነር በርዝመቱ ሲጫን ቢያንስ 20 ኪሎ ኒውተን ይችላል፤ በሩ ከተከፈተ ወይም በጎኑ ከተጫነ ግን አቅሙ ወደ 7 ይወርዳል። ያገለገለ የወገብ ቀበቶና ገመድ ታሪኩን ከማያውቁት ሰው አይግዙ፤ የባትሪ አሲድ ጉዳት በዓይን አይታይም።

የመጀመሪያው ቀን

ለሚቀር ሰው ወረቀት ይተዉ፦ መንገዱ፣ የሰዎቹ ስም፣ የሚመለሱበት ሰዓት፣ ከስንት ሰዓት በኋላ ዕርዳታ እንዲጠራ። መድን ካለዎት ከፍታንና ገመድን የሚከለክል አንቀጽ መኖሩን ያንብቡ፤ ብዙ የጉዞ መድኖች ይከለክላሉ። በረዶ ላይ የሚወጣ ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ይነሣል፤ ፀሐይ በረዶውን ሳታላላ፣ በስንጥቅ ላይ ያለው የበረዶ ድልድይም ሳይለሰልስ ለመመለስ ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እጅግ ቀስ ይበሉ፣ ላብ ሳይወጣ ልብስ ያቅልሉ፣ በየሰዓቱ ይብሉ፣ ይጠጡ። ጫፍ ላይ ሲደርሱ ግማሹ ገና ቀርቷል፤ እግር የሚስተውና ቋጠሮ የሚዘለለው በመውረድ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ሁለታችሁም እንደ ጠዋቱ እንደገና ትፈታተሻላችሁ።

ዕርዳታ ለመጥራት የታወቀው ምልክት በደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ፣ በየአሥር ሰከንዱ፣ በፉጨት ወይም በባትሪ ነው፤ አንድ ደቂቃ ይቆማል፣ ይደገማል። ያየ ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይመልሳል። መልስ ቢመጣም ሰዎቹ እስኪደርሱ ምልክቱን አያቋርጡ።

ሲመለሱ ከጓድዎ ጋር ሳይለያዩ ሩብ ሰዓት ተቀመጡ። የት ቦታ ፈራን? የቱ ውሳኔ በዕድል ተሳካ? ግምታችን በስንት ሰዓት ሳተ? ደብተሩ ላይ ይግባ። ገመዱን ጥላ ውስጥ ዘርግተው ያድርቁ፤ ሲጠቀልሉት መላውን ርዝመት በጣት እየዳሰሱ የለሰለሰ ወይም የተቆረጠ ቦታ ይፈልጉ፣ ካለ ገመዱ ለልብስ ማስጫ ይሁን። የክራምፖኑን ጥርስ በእጅ ሞረድ ይሳሉት፤ በኤሌክትሪክ መሳያ ከሆነ ብረቱ ግሎ ጥንካሬውን ያጣል።